ለስድስት ጆንያ አሸዋ የተቆረጠ ቲኬት

ኮርቻ የሚሰፋ አንድ ሰው በወንዝ ዳር ባለች ከተማ ይኖር ነበር።

ደምሰው ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። እናትህን ከገጠር አምጥተህ በልጅህ ክርስትና ልታውላት አስበሃል፤ ገንዘቡ አጥሮሃል፤ በትንሽ ወጪ እንዴት ላምጣት ብለህ አራት ሰው ብትጠይቅ አራት ዓይነት ነገር ነገሩህ። አሁን ደግሞ «የማንን ምክር ልያዝ?» ብለህ እኔ ዘንድ መጣህ። ስለ አውቶቡስ ዋጋ የማውቀው የለኝም። ስለ ኮርቻ ሰፊው ግን አውቃለሁና እሱን ልንገርህ። ተቀመጥ፣ በር ላይ አትቁምብኝ።

የኮርቻ ሰፊው ሚስት ትርንጎ ትባላለች። የተወለደችው ከወንዙ ማዶ ነው። አባቷ ሰፊ መሬት ያለው፣ ቃሉን የማያጥፍ ገበሬ ነበር። ልጅቱ ኮርቻ ሰፊውን ወድዳ «እሱን ነው የማገባው» ብትለው፣ «ልጄ ከቆዳ ፋቂ ጋር ልትቆርስ?» ብሎ ተነሣ። በዚያ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ሥራው ይፈለጋል እንጂ ማዕዱ አይፈለግም፤ በሰፋው ኮርቻ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ይሰድቡታል። ልጅቱ እምቢ ብላ ወንዙን ተሻግራ ገባች። አባትየውም እስከ ወንዙ ዳር ተከትሎ መጣና ገበያተኛው እየሰማ፣ «እኔ በሕይወት ሳለሁ እግርሽ ይህን ወንዝ ተሻግሮ መሬቴን ቢረግጥ አጥንቴ ይውጋሽ» አላት። የአባት አጥንት እንደሚወጋ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተሻገረችም።

አሁን የምነግርህን ባልየው አያውቅም ነበር፤ እሱን ልብ በል። በአሥራ ስድስተኛው ዓመት አባቷን የሚጦረው ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ገበያ በወጣች ቁጥር አንድ ወሬ ይዛ ትመለሳለች። አንዷ ቅቤ ሻጭ «አባትሽ ሰው የለውም፤ ከስቶ አልቋል፤ ልብሱም በላዩ ላይ ነትቧል» ትላታለች። በሳምንቱ ሌላዋ መጥታ «ኧረ ደህና ነው፣ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ አየዋለሁ» ትላታለች። የቱን ትመን? ሄዳ እንዳታይ መሐላው አለ። ባሏን ሄደህ እይልኝ እንዳትለው፣ ያንን ስድብ የተሰደበው እሱ ነው፤ የሽማግሌውን ስም እቤት ማንሣት የደረቀ ቁስል መላጥ መስሎ ታያት። ጨነቃት።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ልጇን ከከተማው ዳር ካለው የጨዋታ ሜዳ አጫውታ ተመለሰችና፣ «ያን ትልቁን መንኮራኩር ወጣሁበት፤ ልቤ ልትወልቅ ነበር። ከላይ ሲሆኑ እኮ የማዶ ሰው ግቢ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዶሮው ሳይቀር ይቆጠራል» አለቻት። ትርንጎ ጤፍ ማበጠሯን አቆመች። ከተማዪቱ ሜዳ ላይ ናት፣ ወንዙም ዳርና ዳር ቀርከሃ በቅሎበታል፤ ከመሬት ሆኖ ማዶን ማየት አይቻልም። ከዚያ መንኮራኩር አናት ላይ ግን ይቻላል። ያየ ሰው ደግሞ መሬት አልረገጠም።

ባሏ ከሥራ ሲገባ «እዚያ ጨዋታ ሜዳ አንድ ቀን ብትወስደኝ» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሰውየው ደነገጠ። አሥራ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ግዛልኝ፣ እዚህ ውሰደኝ ብላ አታውቅም። ደስም አለው፣ ግራም ገባው። ልጅ የላቸው፣ ጠጉራቸው ገብስማ ሆኗል፤ ከልጆች መጫወቻ ምን ሊያደርጉ ነው? «ምን አምሯት ይሆን?» ብሎ አሰበ። አሰበና ተወው። እዚያች ላይ አፉን ከፍቶ ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ይህ ምሳሌ አሁን ያልቅ ነበር፣ አንተም በጊዜ ቤትህ ትገባ ነበር። እሱ ግን ከእሷ በቀር ከተማውን ሁሉ ጠየቀ።

ሜዳውን ላሳይህ። የድሮ ነው፤ መብራትም ሞተርም የለበትም፣ ሁሉም በሰው ጉልበት ነው። በክብ የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች አሉ፤ የገመድ ዥዋዥዌ አለ፤ ቀለበት ወርውሮ ችካል ላይ የሚያስገቡበት ቦታ አለ፤ ግድግዳው ሁሉ መስተዋት የሆነ ክፍል አለ። ከመካከል ያ መንኮራኩር ቆሟል። አራት ሣጥን ተንጠልጥሎበታል፤ በያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ አራት ጎረምሶች በገመድ እየሳቡ ያዞሩታል።

ኮርቻ ሰፊው ከአንድ ኮርቻ ዋጋ ላይ ሁለት መቶ ብር ለይቶ አስቀመጠ። ከዚህ አንዲት ሳንቲም እንዳታልፍ ብሎ ወሰነ። ክፉ ሰው አይምሰልህ፤ ሚስቱን ይወዳታል። በልጅነቱ ግን ረኀብ አይቷል፣ ረኀብ ያየ ሰው ደግሞ ደስ ሲለው መጀመሪያ የሚይዘው ኪሱን ነው። ስለዚህ በትንሽ ወጪ እንዴት እንደሚዋል የሚያውቅ ሰው መፈለግ ጀመረ።

መጀመሪያ ሥጋ ሻጩን ጠየቀ። ሥጋ ሻጩ፣ «ሞኝ አትሁን፣ ጠዋት አትሂድ። ከስምንት ሰዓት በኋላ መግቢያው በግማሽ ነው» አለው። እውነቱን ነው። ኮርቻ ሰፊው በቁራጭ ቆዳ ላይ በወስፌ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ጫረ።

የልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ሰዓቱን ተወው፣ ቀኑን ምረጥ። ረቡዕ ሂድ። ጾም ስለሆነ ምግብህ ሽሮና ድንች ነው፤ ከቤት ቋጥረህ ትሄዳለህ፣ እዚያ ሥጋ እየጠበሰ የሚያስጎመጅህም የለም።» ይህም እውነት ነው። «ረቡዕ» ብሎ ጫረ።

የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ ብቻቸውን መሄዳቸውን ነቀፈ። አሥር ሆኖ ለመጣ ሰው ቅናሽ አለ፤ ከእድሩ ስምንት ሰው ጨምሮ እሑድ ቢሄድ ይሻላል። ኮርቻ ሰፊው «እሑድ» ብሎ ሊጭር ሲል እሑድ ጾም እንዳልሆነ ትዝ አለው። ጋሪ ነጂው ደግሞ ቅዳሜ አለ፤ ቅዳሜ ከገበያ ባዶውን ስለሚመለስ በግማሽ ዋጋ ይጭናቸዋል። አሁን ሦስት ቀን ሆነ። የሚሄደው ግን አንድ ቀን ነው።

ነገሩ ዞረበት። ሲሰፋም ያሰላል፣ ሲበላም ያሰላል። በቅዳሜው ያገኘውን በረቡዑ ያጣል፤ በእሑዱ ያተረፈውን በጋሪው ይከፍላል። የጫረበትን ቆዳ ሲያገላብጥ የትኛው ምክር የማን እንደሆነ ጠፋው። በዚያ ሰሞን ለአንድ ነጋዴ የሰፋው ኮርቻ የግራው ክንፍ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው «ወዳጄ፣ በቅሎዬ ወደ ኋላ የምትሄድ መሰለህ?» አለው። ኮርቻ ሰፊው ኮርቻውን ተቀብሎ ሙሉ ቀን ሲፈታ ዋለ።

በመጨረሻ የሜዳውን ዘበኛ አገኘው። የእሱ ምክር ከሁሉም ይበልጥ የበሰለ መሰለው። ዘበኛው እንዲህ አለ። «አሥር ቲኬት አንድ ላይ ግዛ፣ በስድስቱ ዋጋ ይሰጡሃል። ፈረሱንም፣ ቀለበቱንም፣ መስተዋቱንም ትጠግባለህ። መንኮራኩሩን ግን ተወው። እሱ ከአሥሩ ውጭ ነው፤ ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ብር ነው የሚቀፍሉት። ከላይ ደግሞ ምን ይታያል? የሰው ግቢ።»

ኮርቻ ሰፊው አመሰገነው። መንኮራኩሩን መጀመሪያ ሠረዘ።

ዕቅዱን ለትርንጎ ሲነግራት ፊቱ በርቶ ነበር። ረቡዕ ነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ሲሄዱ በእግር ነው፤ ምግቡ ከቤት ነው፤ ቲኬቱ አሥር ነው። እሷ እስኪጨርስ ሰማችውና፣

«ጠዋት አይሻልም?» አለች።

«ጠዋትማ ሙሉ ዋጋ ነው።»

«ያ ትልቁ የሚዞረውስ?»

«እሱ ከአሥሩ ውጭ ነው» አላት። «ደግሞ ምንም አይታይበትም፤ ዘበኛውን ጠይቄዋለሁ።»

ትርንጎ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሰውየው ያ ሁሉ ድካሙ ደስ ያላሰኛት ለምን እንደሆነ አልገባው አለ። የሴት ነገር ብሎ ተወው። አንተም ደምሰው እንዲህ ብለህ የተውኸው ነገር አይጠፋህም።

ረቡዕ ደረሰ። በሰባት ሰዓት ፀሐይ፣ አናት በሚበሳው፣ በእግራቸው ሄዱ። ስምንት ሰዓት ላይ በግማሽ ዋጋ ገቡ። ሰውየው አሥር ቲኬቱን ተቀብሎ ሲቆጥር፣ ትርንጎ መንኮራኩሩን ቀና ብላ አየችው። በግማሽ ዋጋው የመጡ የትምህርት ቤት ልጆች ሣጥኑን ሞልተውት ይጮኻሉ። «ና እንሂድ» ብሎ ወደ ፈረሶቹ መራት።

የእንጨት ፈረሶቹ የተሠሩት ለልጅ ነው። ባልየው ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። የፈረሱ ኮርቻ በቀለም የተሣለ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙያው ነውና ስንዝር ያህል ወደ ኋላ መሣሉን አይቶ ሲናደድ ሁለት ቲኬት አለቀ። ቀለበት ወረወሩ፤ አልገባም። እንደገና ወረወሩ፤ አልገባም። አንድ ሕፃን ከጎናቸው ቆሞ ሳቀባቸው። «የገዛነውን እንጨርስ እንጂ» አለ ባልየው፤ ሥራ የያዘ ሰው ይመስል ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሙ ተፈታ፣ ምግቡን ማውጣት መጣ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። የቋጠሩት ለሁለት ሰው ተለክቶ ነው፤ ሣሩ ላይ ዘርግተው ቢበሉ ግን ባጠገብ ያለውን ሁሉ «እንብላ» ማለት ግድ ነው። ባልየው ይህንንም አስቦበታል። ትርንጎን ይዞ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰው ከማያይበት፣ ቆመው እንዲበሉ አደረገ። አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ገበታ ከልብ የበሉ ባልና ሚስት እንደ ሌባ ተሸጉጠው ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲጎርሱ ዘበኛው፣ ያው መካሪያቸው፣ ታንከሩን ሊያይ ብቅ አለ። የባልየው አፍ ሳያስበው «እንብላ» አለ። ደንቡ «ብሉ፣ ይባረክላችሁ» ብሎ ማለፍ ነበር። ዘበኛው ግን እጁን ታጠበ። ሲጨርሱ ሦስቱም ይርባቸው ነበር።

የቀረው የመስተዋቱ ክፍል ነው። ትርንጎ «አንተ ግባ፣ እኔ እዚህ ልቁም» አለችው። ገባ። ግራ ሲዞር ራሱን አገኘ፣ ቀኝ ሲዞር ራሱን አገኘ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ አንገት የሌለው። በር ያለው መስሎት ሲሄድ ግንባሩን መታው። መውጫው የት እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ያሉት ሁሉ እሱ ናቸው፣ እነሱም እንደሱ ግራ ገብቷቸዋል። ብዙ ቆይቶ አንዱ ሠራተኛ እጁን ይዞ አወጣው። ሲወጣ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ትርንጎ ከነበረችበት የለችም።

መንኮራኩሩ ሥር አገኛት። አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች፤ እንባ በጉንጯ ወርዷል፣ አልጠረገችውም። ሰውየው በአሥሩም ቲኬት ተጠቅሟል፤ ከመደበውም ብር ግማሹ በኪሱ አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀኑ የተሳካ ይመስለው ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«እኔ የመጣሁት ለዚህ ነበር» አለችው።

ከዚያም ነገረችው። የወንድሟን መሄድ፣ የገበያውን ወሬ፣ ሽማግሌው ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ እንደሚወጣ፣ ሰው ይኑረው አይኑረው በዓይኗ ካላየች ማረፍ እንደማትችል። ስትናገር አላየችውም፤ የአባቷን ስም ከጠራች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ኮርቻ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ሲዞርበት የነበረው ነገር እዚያው ቆመ። ሄዶ ሁለት ቲኬት ቆረጠ። ሃምሳ ብር ከፈለ፤ መልስ ቢኖረው ባይኖረው አልቆጠረም።

ወጡ። ሌሎቹን ሣጥኖች ልጆቹ ሞልተዋቸው ነበር፤ የእነሱ ሣጥን ከቀርከሃው በላይ ሲሆን የማዶው አገር ተገለጠ። ትርንጎ ጣቷን ዘረጋች፤ ዋርካው፣ ጎተራው፣ የሾህ አጥሩ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ግቢው ግን ባዶ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ በሩ ተዘግቷል፤ የሚቀመጥበት ዱካ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ገብቷል» አለች።

ሦስት ጊዜ ዞሩ። ሦስቴም በሩ እንደተዘጋ ነው። ሲወርዱ ባልየው ወደ እሷ ዞረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም» አለች ትርንጎ። «ሥጋ ሻጩን ጠየቅህ። ዘበኛውን ጠየቅህ። ጋሪ ነጂውን ሳይቀር ጠየቅህ። እኔን አንድ ቀን ምን ልታዪ ነው አላልከኝም።» ቆይታ ደግሞ፣ «እኔም ጥፋት አለብኝ፤ የሱን ስም ሳነሣ ታዝንብኛለህ ብዬ ፈራሁ» አለች።

ምሳሌ የሚናገር ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሽማግሌውን መግደል ይቀናዋል። ማታውኑ ሞተ፣ ሳታየው ቀረች ብዬ ላስለቅስህ እችል ነበር። አልገድለውም። ሽማግሌው ደኅና አድሯል።

በማግስቱ ኮርቻ ሰፊው ሱቁን አልከፈተም። ለቆዳ መግዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ ከሣጥኑ አወጣ፣ ትርንጎን ቀሰቀሳት፣ በጋሪ ወሰዳት። በሁለት ሰዓት ሜዳው በር ላይ ነበሩ። ሙሉ ዋጋ ከፍለው ገቡ። ሜዳው ጭር ብሏል። ከመንኮራኩሩ ሥር አራቱ ጎረምሶች ዳቦ በሻይ ይበላሉ።

«አዙሩልን» አላቸው።

«አይሆንም አባቴ፣ ሁለት ሰው ብቻ ጭኖ አይዞርም» አለው አንዱ። «ሚዛኑ ይስታል፤ እናንተ አናት ላይ ስትደርሱ ተመልሶ ይከሰከሳል። ስምንት ሰው ያስፈልገዋል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመጡ ተመለሱ።»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ይገባል። ትርንጎ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባልየው ግን ዙሪያውን አየ። ከአጥሩ ሥር ለግንብ ሥራ የመጣ አሸዋ ተቆልሏል፣ ባዶ ጆንያም አጠገቡ ተጥሏል።

«ጆንያ ብንጭንበትስ?»

ጎረምሳው ሳቀ። «ብንጭንበትማ ይዞራል። ግን ጌታዬ ሂሳቡን የሚቀበለኝ በወንበር ነው። ጆንያም ቢሆን ቲኬት አለው።»

ያ በአሥር ቲኬት አራቱን ያተረፈ ሰው፣ ያ በግማሽ ዋጋ ለመግባት በቀትር የሄደ ሰው፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ስምንት ቲኬት ቆረጠ። ሁለት ለሰው፣ ስድስት ለአሸዋ። ቲኬት ቆራጯ ሰው ቆጠረች፤ ሁለት ብቻ ናቸው። «ሌሎቹስ?» አለችው። «እየመጡ ነው» አላት፣ አካፋ ይዞ ሄደ። አሸዋውን ራሱ ሞላ፣ ጆንያዎቹን በጀርባው ተሸክሞ አንድ በአንድ በየሣጥኑ አስቀመጠ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሥጋ ሻጩ ቢያየው አብዷል ይለው ነበር።

መንኮራኩሩ ዞረ። ሦስት ሣጥን አሸዋ፣ አንድ ሣጥን ባልና ሚስት። አናት ላይ ሲደርሱ ባልየው ወደ ታች «ያዙልን» አለ፣ ጎረምሶቹ ገመዱን ያዙ።

ሽማግሌው ዱካው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ሆኗል፤ ያ በወንዙ ዳር ቆሞ አገር ያንቀጠቀጠ ሰው አንድ ዕቅፍ አክሏል። በትልቅ ሰፌድ ምስር ይለቅማል። ትርንጎ የሣጥኑን እንጨት ጨብጣ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ጋቢው አዲስ ነው» አለች በመጨረሻ።

ባልየው አልገባውም።

«ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ አዲስ ነው። የሚያጥብለት ሰው አለ ማለት ነው። የሚያለብሰው አለ» አለችና አለቀሰች። ኮርቻ ሰፊው እጁን በትከሻዋ ላይ አደረገ፤ ያንን የሰደበውን ሽማግሌ እሱም ትክ ብሎ አየው፣ የተሰማው ግን ቂም አልነበረም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ከምስሩ ቀና ብሎ እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ መንኮራኩሩ አየ። በጠዋት ዞሮ የማያውቅ ነገር ነውና ገርሞት ይሆናል። ያወቃት እንደሆነ፣ ያላወቃት እንደሆነ፣ እኔ እንጃ።

ጎረምሶቹ ሊያወርዷቸው ሲሉ ባልየው «አንድ ጊዜ ጨምሩልን» አለ። ስንት ነው አላለም።

እንግዲህ ደምሰው፣ የኮርቻ ሰፊው መካሪዎች አንዳቸውም አልዋሹም። በስምንት ሰዓት መግቢያው በግማሽ ነው፣ ረቡዕም ጾም ነው። ሁሉም የተጠየቁትን መለሱ፤ የተጠየቁት በስንት ይኬዳል የሚለውን ነው። ለምን ይኬዳል የሚለውን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፣ እሷም እቤቱ ነበረች። ለዚህ ነው ቀኑን በግማሽ ዋጋ ገዝቶ ቀኑን ራሱን ያጣው።

አንተም እንዲሁ ነህ። አንዱ ከክርስትናው በኋላ ብትመጣ መሳፈሪያው ይረክሳል ብሎሃል፤ አንዱ ብቻዋን ትምጣ፣ ሁለት ሰው ወጪ ነው ብሎሃል፤ የቀሩትን ረሳኋቸው። እውነታቸውን ነው። ግን ያቺ ሴት ስምንት ሰዓት መንገድ ተቀምጣ የምትመጣው ምን ልታይ ነው? ሕፃኑ ሲጠመቅ ልትቆም ነው? እህቷን ይዛ መጥታ ቤትህን ልታሳያት ነው? ወይስ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ልጅሽ ከስቷል ብሏት አንተን ልታይ ነው? ይህን ጠይቀሃታል? አልጠየቅህም።

በል ተነሥ። ስልኩን ደውልና መጀመሪያ እሷን ስማት። መልሷ በኪስህ ካለው በላይ ከሆነ አካፋ ፈልገህ አሸዋ ትሞላለህ፤ እሱን ያኔ መጥተህ ብትጠይቀኝ አብሬህ እሸከማለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔን አምስተኛ መካሪ አታድርገኝ።